ሁሉም እሺ ያለው ዲዛይን፦ ጅማ ላይ የሰራነው የቡና ግዢ ሲስተም ጉዳይ

ሰዎች "እናንተ ኮድ ከመፃፋችሁ በፊት ለምንድነው እንደዚ የምትጨቃጨቁት" ይሉናል፣ አንዳንዱ ደንበኛ ደሞ ስብሰባ ሲበዛበት ስራ የፈታን ይመስለዋል። መልሱ አንድ ጉዳይ ነው፣ ሁለት የቡና ወቅት የፈጀ ጉዳይ፣ እና ከነውርደቱ ላወራው ነው።

ነሐሴ 2015 ነው፣ የጅማ ዝናብ የታወቀ ነው ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ስልክ አያሰማም። ሶስት ሆነን ነው የምንሰራው፣ እኔ ሰርቨሩንና ኤፒአዩን (አፑና ዳሽቦርዱ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገሩበትን)፣ አንዱ ጓደኛችን ሞባይል አፑን በፍላተር (የአፕ መስሪያ ነው)፣ ሶስተኛዋ ልጅ ዳሽቦርዱን፣ ቁጥሩ ሁሉ ተጠቃሎ የሚታይበትን ስክሪን። ደንበኛችን ቡና አቅራቢ ናቸው፣ ስማቸው ይቅርና ሰው ሁሉ እንደሚጠራቸው ሃጂ ልበላቸው። ከአጋሮ እስከ ጪራ ባለው መስመር አራት ሳይት አላቸው፣ ሶስቱ እሸት ቡና ተረክበው ፈልፍለው የሚያጥቡ፣ አንዱ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ብቻ የሚገዛ። የፈለጉት ነገር ደሞ ሲሰማ ቀላል ነው፣ "ማታ ማታ አራቱም ጋ እየደወልኩ ስንት ኪሎ ገዛችሁ፣ ስንት ብር ቀራችሁ ማለት ሰልችቶኛል፣ እስቲ ስልኬ ላይ ልየው" አሉ።

ፈረንጅ አራዳ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ማኪያቶ አዘን፣ ሶፍት ላይ ሶስት ሳጥን ሳልን፣ ስልክ፣ ሰርቨር፣ ዳሽቦርድ፣ በመሃላቸው ቀስት። "ገባኝ" አልኩ፣ "ገባኝ" አለ፣ "እሺ" አለች፣ ሃጂም "እሺ፣ ቶሌ" አሉ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ተስማማን ማለት ነው። ከ40 ደቂቃ አይበልጥም። ሶፍቱን ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ፒን አደረግነው፣ የፕሮጀክቱ ብቸኛ ዶክመንት እሱ ነበር፣ ማኪያቶ የነካው ጥግ ሁሉ ይታያል።

ያኔ "ዲዛይን እንፃፍ እንዴ" ብሎ የጠየቀ ሰው ነበር፣ የዳሽቦርዷ ልጅ ናት፣ እኔ ነኝ "እኛ አጃይል ነን" ብዬ ያስቆምኳት፣ አጃይል በትንሽ በትንሹ እየሰሩ እያሳዩ መሄድ የሚባለው የሶፍትዌር አሰራር ነው። አሁን ሳስበው ያፍራል ሰው። የአጃይል ማኒፌስቶን በፈረንጆቹ 2001 እዛ አሜሪካ ዩታ ተሰብስበው የፈረሙት 17 ሰዎች ከዶክመንት ብዛት የሚሰራ ሶፍትዌር ይበልጥብናል አሉ እንጂ ዶክመንት አትፃፉ አላሉም፣ እንደውም ዝቅ የሚደረገው ነገርም ዋጋ አለው ብለው ጨምረውበታል። እሱን መስመር ማን ያነባል። እኛ ሰፈር አጃይል ማለት በቃ ቶሎ መጀመር ነው።

ስድስት ሳምንት ሰራን፣ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እሸቱ ሲቀላ አፑ ስልክ ላይ ነበር፣ ሃጂ ዳሽቦርዱን ለሰው ሁሉ እያሳዩ ነበር።

መጀመሪያ የወደቀው ጥቅምት 30 ቀን 2016 ነው፣ አርብ። ከሰዓት፣ ከጁምአ ስግደት በኋላ ገበሬው ቡናውን ይዞ መምጣት ሲጀምር፣ ከአራቱም ሳይት አንድም መዝገብ ሰርቨሩ ጋ አልገባም። ኔትወርክ መሰለን፣ እንደተለመደው። መብራት መሰለን፣ እንደተለመደው። አልነበረም። አፑን የሚሰራው ጓደኛዬ ቀኑን የሚልከው በኛ አቆጣጠር ነበር፣ ገበሬውም ፀሐፊውም የሚያውቁት እሱን ስለሆነ፣ ልክ ነው። እኔ ደሞ ፖስትግሬስ (ዳታቤዛችን) ላይ ቀኑን የቀን አይነት አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት፣ ፈረንጅኛ ይመጣል ብዬ፣ እኔም ልክ ነኝ። ዳሽቦርዱ የመጣለትን እንዳለ ያሳያል፣ ስለዚህ 2016-02-15 ሲያሳይ ጥቅምት 15 ይመስላል፣ ማንም አላስተዋለም። ሁለተኛው ወር ለኛ ጥቅምት ነው 30 ቀን አለው፣ ለፖስትግሬስ ፌብሩዋሪ ነው፣ 30 የሚባል ቀን የለውም፣ ወርውሮ መለሰው። የሚያስቀው ደሞ 29 ማለፉ ነው፣ የፈረንጆቹ 2016 ለአራት ስለሚካፈል ፌብሩዋሪ 29 ነበረው፣ በ2017 ቢሆን አንድ ቀን ቀድሞ ይወድቅ ነበር። ሁለት ልክ የሆነ ሰው አንድ ስህተት ሲሰራ እንደዚህ ነው የሚሰራው።

እሸት ቡና ደሞ አይጠብቅም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምራል፣ ጥራቱ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሳይቱ "ሲስተም የለም" ብሎ ገበሬ አይመልስም። ወደ ደብተር ተመለሱ። ዳታውን በሁለት ቀን አስተካከልነው፣ እሱ እዳው ገብስ ነው።

ከዛ ፈረሱላ መጣ። እሸት የሚመዘነው በኪሎ ነው፣ ጀንፈሉ ሳይት ግን ሰዉ የሚያወራው በፈረሱላ ነው፣ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ። አፑ ላይ ያለው ሳጥን "ክብደት" ብቻ ይላል። እዛ ያለው ልጅ 12 ብሎ ይመዘግባል፣ 204 ኪሎ ማለቱ ነው፣ እኛ ጋ 12 ኪሎ ሆኖ ይገባል። ሃጂ ደውለው "ያ ሳይት በኪሎ የምከፍለው ብር ጣሪያ ነካ እኮ፣ ሌባ ነው እንዴ ያስቀመጥኩት" አሉ። ሌባ የምትለዋ ቃል የመጀመሪያ ጊዜ የተሰማችው ያኔ ነው፣ ሳቅንበት። መሳቅ አልነበረብንም።

ዋናው ጉዳይ ሶስተኛው ነው።

አጋሮ አካባቢ ያለው ትልቁ ሳይት ላይ ሚዛኑንም ገንዘቡንም የያዙት አንዲት ሴት ናቸው፣ ሃምሳ ገደማ፣ ሰው ሁሉ አዴ ነው የሚላቸው። ከሃጂ ጋር ብዙ አመት ሰርተዋል። ህዳር ውስጥ አንድ ሳምንት ዳሽቦርዱ የሳቸው ሳይት የገዛውን ሁሉ እንደከፈለ ያሳያል፣ ካዝናው ሲቆጠር ግን ትርፍ ብር አለ። ትርፍ ጥሩ ይመስላል። ከሶስት ቀን በኋላ ደሞ ግዢ በሌለበት ብር ይወጣል፣ ዳሽቦርዱ አያውቀውም፣ ጉድለቱ 41,300 ብር ሆነ። ሃጂ እኛን ይዘው ሄዱ፣ ላፕቶፑን ከፍተን አዴ ፊት አስቀመጥነው። ቀዩ ቁጥር እያበራ ነው። ሃጂ አልጮሁም፣ ዝም ብለው ነው ያይዋቸው የነበረው፣ እሱ ይብሳል። አዴ ስክሪኑን አላዩትም፣ ተነስተው ከሳጥን ውስጥ ደብተራቸውን አመጡ፣ በመስመሪያ የተሰመረ ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ቀን፣ ስም፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ ብር፣ ከዛ ሁለት አምድ ደሞ፣ "የወሰደ" እና "የሚቆይ"።

ነገሩ ይሄ ነው፣ ገበሬው የቡናውን ብር ሁሌ ባንዴ አይወስድም። ግማሹን ይወስዳል፣ ቀሪውን "እናንተው ጋ ይቆይልኝ" ይላል፣ በሬ ሲገዛ ወይ ልጅ ሲድር መጥቶ ይወስዳል፣ ቤት ካስገባው ያልቅበታላ። ከዛም ሌላ በክረምት ቅድሚያ የወሰደ አለ፣ እሱ ሲያስረክብ ይቀነስበታል። እኛ ግን ሶፍቱ ላይ "ግዢ" ብለን አንድ ሳጥን ነው የሳልነው። ለኔ ግዢ ማለት የክብደትና የዋጋ መዝገብ ነው፣ ለጓደኛዬ ደረሰኝ ነው፣ ለዳሽቦርዷ ልጅ የወጣ ብር ነው፣ ለሃጂ ደሞ ሁሉንም ነው፣ "ይሄማ የታወቀ ነው" ብለው ስላሰቡ አልነገሩንም። 41,300ው ብር የገበሬ አደራ ነበር፣ ደብተሩ ላይ በስም በስሙ ተፅፎ ቁጭ ብሏል። አዴ እስከመጨረሻው ደመሩልን፣ በጣታቸው ነው የሚደምሩት፣ ልክ መጣ። ሃጂ "አውፍ በሉኝ" ብለው ተነሱ። እኛን ማንም ምንም አላለንም። አጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመልሱ መንገድ ሚኒባሱ ውስጥ ሶስታችንም አልተናገርንም።

ወቅቱ እስኪያልቅ ሲስተሙን ኪሎ መቁጠሪያ ብቻ አደረግነው። ግንቦት ላይ ሃጂ ራሳቸው ደወሉ፣ "ልትሰሩት ነው ወይስ ሌላ ልፈልግ"፣ ለሚቀጥለው ወቅት ከዜሮ እንደምንሰራ ነገርናቸው። አሁን ዲዛይን ተፅፎ ሁሉም ካልተስማማ አንድ መስመር ኮድ የለም ተባባልን። እና እዚህ ጋ ነው በጣም የሚገርመኝ ነገር የተፈጠረው፣ ምክንያቱም ዶክመንት መፃፍ ብቻውን ምንም አልፈየደም።

ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ስድስት ገፅ ፃፍኩ፣ ያምራል፣ ሰንጠረዥ አለው፣ ግሩፑ ላይ ለቀቅኩት፣ ለሃጂም ፕሪንት አድርጌ ላክሁላቸው። ሁለቱም ላይክ አደረጉ፣ "አሪፍ ነው፣ እሺ" አሉ፣ ሃጂም "እሺ"። በሶስተኛው ቀን እኔው መልሼ ሳነበው ምን አያለሁ፣ "አንድ ፈረሱላ 71 ኪሎ ነው" ይላል። ጣቴ አገላብጦ ነው። ባለፈው አመት ያዋረደን ቁጥር ነው እኮ፣ በቡና ያረጁ ሰው ጭምር እሺ ያሉት። ማለትም ማንም አላነበበውም፣ ወይም አንብቦ "ይሄ ልጅ ደክሞበታል፣ ምን ልበለው" ብሎ አልፎታል፣ ሁለተኛው ይመስለኛል።

እኛ ሀገር እሺ ማለት ብዙ ነገር ነው። ሰማሁ ማለት ነው፣ ይብቃን ማለት ነው፣ አላስከፋህ ማለት ነው፣ ነገ እናየዋለን ማለት ነው፣ አንዳንዴም እሺ ማለት ነው። ታላቅ ሲናገር እሺ ይባላል፣ የለፋ ሰው ሲያሳይ እሺ ይባላል። ዲዛይን ላይ ግን ይሄ እሺ መርዝ ነው፣ ሶስት ሰው ሶስት የተለያየ ነገር በጭንቅላቱ ይዞ ባንድ ቃል ይለያያል፣ ልዩነቱ የሚታየው ጥቅምት 30 ነው።

ስለዚህ ስድስቱን ገፅ ጣልኩት። አዲሱን ሁለት ነገር አደረግንበት። አንደኛው አፃፃፉ ነው፣ ማይክል ናይጋርድ የሚባል ፕሮግራመር በፈረንጆቹ 2011 ያስተዋወቀው አጭር የውሳኔ መዝገብ አለ፣ ለያንዳንዱ ውሳኔ ምን ገጠመን፣ ምን ወሰንን፣ ምን ያስከትልብናል ብሎ ከአንድ ሁለት ገፅ በማትበልጥ ፅሁፍ ማስቀመጥ፣ እሱን በአማርኛ አደረግነው፣ "ያስከትልብናል" የምትለዋን ባዶ መተው ክልክል ነው። ሁለተኛው እሺ ማለት ክልክል ነው፣ ያነበበ ሰው በራሱ አፍ አንድ ጆንያ ይዞ ከሚዛን እስከ ክፍያ ምን እንደሚሆን ይናገር ወይም የሚያፈርሰው ምሳሌ ያምጣ። የኢንተርኔቱን ህግጋት የያዙት ፅሁፎች እስከዛሬ "የአስተያየት ጥያቄ" የሚባሉት ለዚህ ነው ይመስለኛል፣ ስቲቭ ክሮከር በፈረንጆቹ 1969 የመጀመሪያውን ሲያወጣ ገና ተማሪ ነበር፣ አዛዥ ላለመምሰል ነው ያን ስም የመረጠው። ተማሪ ሆነህ ስትፅፍ ሰው ይናገርሃል።

ሰኔ ላይ ወደ አጋሮ ሄድን። ሳይቱ ወቅቱ ስላልሆነ ባዶ ነው፣ የማድረቂያ አልጋዎቹ ብቻ ቆመዋል። አዴ ቡና አፈሉ፣ ረከቦቱ ጎን መሬት ላይ ወረቀት ዘረጋን። ጓደኛዬ ስልክ ሆነ፣ እኔ ሰርቨር፣ እሷ ዳሽቦርድ፣ አዴ ራሳቸው ገበሬ። ከአቦል እስከ በረካ 11 ቀዳዳ አገኘን፣ ሁሉንም አልዘረዝርም።

አዴ ቡና አስረክበው ደረሰኝ ቁጥር 147 ተቀበሉ፣ ከዛ ተነስተው ሌላ ጥግ ቆመው "አሁን የጪራው ነኝ" አሉ፣ የሱም ስልክ ኔትወርክ የለውም፣ እሱም 147 ሰጠ። ሁለቱ ወረቀት እኔ ጋ ሲመጣ የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም። እኔ በደስታ "ዩዩአይዲ!" አልኩ፣ ረጅሙ ባለ 128 ቢት መለያ፣ ስልኮቹ ሳይነጋገሩ ሊያወጡት ይችላሉ፣ አይጋጭም ማለት ይቻላል። አዴ ምን እንደሚመስል አሳየኝ አሉ፣ ፃፍኩላቸው፣ ፊደል፣ ቁጥርና ሰረዝ ተደምሮ 36። "ይሄን ነው ገበሬው በስልክ የሚያነብልኝ?" አሉ። አለቀ። ማሽኑ በውስጥ ዩዩአይዲ ይይዛል፣ ሰው የሚያየው የሳይቱ ስም፣ የስልኩ ቁጥርና ተራ ቁጥር ይሆናል።

ሌላው ስህተት ማረም ነበር፣ ጓደኛዬ አፑ ላይ "አስተካክል" የሚል በተን ይኑር ይላል። አዴ ደብተራቸውን ገለጡ፣ የተሳሳተው መስመር ላይ አንድ ሰረዝ፣ ስር ትክክለኛው፣ ጎኑ ፊርማ። "ገፅ አይቀደድም፣ የቀደደ ሌባ ነው" አሉ። ያቺ ቃል ስትወጣ ሁላችንም አቀረቀርን። ሲስተሙም እንደዛው ሆነ፣ የገባ መዝገብ አይነካም፣ እርማት አዲስ መዝገብ ነው። ከዛ በኋላ ያስፈራን የነበረው የኦፍላይን ሲንክ (ያለ ኔትወርክ የተመዘገበውን በኋላ ማዋሃድ) ግማሹ ችግር በራሱ ጠፋ፣ ሁለት ስልክ አንድ መስመር ላይ ሊጣላ አይችልማ፣ መስመሩ አይቀየርም።

ቀኑም ተስተካከለ፣ ሰርቨሩ በአለም አቀፉ ሰዓት ይይዛል፣ ስክሪን ላይ ሲወጣ ብቻ ወደኛ ይቀየራል። ግን አዴ "ቀኑ የሚያልቀው መቼ ነው" አሉ። ለሊት 6 ሰዓት አልኩ። "እሱማ የናንተ ነው፣ እኔ ሂሳብ የምዘጋው መፈልፈያው ሲቆም ነው፣ አንዳንዴ 8 ሰዓት ለሊት"። ስለዚህ ቀን የሚዘጋው በሰዓት ሳይሆን ፀሐፊዋ "ዘጋሁ" ስትል ሆነ። እኔ ብቻዬን ብፅፈው መቶ አመት አይመጣልኝም ነበር።

እውነተኛ ፀብ የነበረው ዋጋ ላይ ነው፣ ከሃጂ ጋር። የእሸት ዋጋ በቀን ሁለት ሶስቴ ይንቀሳቀሳል፣ ጎረቤት ሳይት አንድ ብር ከጨመረ ገበሬው ዞሮ ይሄዳል። ሃጂ ዋጋውን እሳቸው ከጅማ ስልካቸው ላይ ቀይረው በዛች ደቂቃ ሁሉም ሳይት እንዲቀየር ነው የፈለጉት፣ "ብሩ የኔ አይደለም እንዴ"። የጪራው ስልክ ግን ማታ ነው ኔትወርክ የሚያገኘው፣ እስከዛ በድሮው ዋጋ ገዝቶ ብር ሰጥቶ ገበሬው ሄዷል። የቱ ዋጋ ነው እውነት? ሁለት ሰዓት ተከራከርን፣ ሃጂ ሁለቴ "እሺ እሺ ይሁን" ብለው ሊያመልጡ ሞከሩ፣ የዳሽቦርዷ ልጅ "ሃጂ ይቅርታ፣ እሺ ክልክል ነው፣ ጆንያውን ይንገሩን" አለቻቸው፣ እኔ ደነገጥኩ፣ እሳቸው ሳቁ። ከዛ ነገሩን፣ "ገበሬው እጅ የገባው ብር ነው እውነቱ፣ እኔ የቀየርኩት ገና ያልተገዛውን ነው"። ቃል በቃል ዶክመንቱ ላይ ሰፈረ፣ ያስከትልብናል የሚለው ስር ደሞ "ሃጂ ዋጋ ሲያወርዱ ኔትወርክ የሌለው ሳይት በድሮው ይገዛል፣ ኪሳራው የሃጂ ነው" ብለን ፃፍን፣ አንብበው ፈረሙ።

ሁሉም እንደዚህ አሪፍ ነበር ለማለት አይደለም። የገበሬ ጣት አሻራ ይኑር አይኑር ብለን ሶስት ቀን አቃጥለናል፣ በመጨረሻም አልተሰራም፣ ያን ጊዜ ማንም አይመልስልንም። አንድ ውሳኔ ደሞ በግልፅ ስህተት ነበር፣ "አንድ ሳይት አንድ ስልክ" ብለን ነበር፣ ህዳር ላይ ግፊያው ሲመጣ ማታ ሁለት ሚዛን ባንዴ ይሰራል። ግን ለምን እንደዛ እንዳልን ተፅፎ ነበር፣ ደረሰኙ ውስጥ የስልክ ቁጥር ስላስገባን ሁለተኛ ስልክ ለመጨመር አንድ ከሰዓት ነው የፈጀብን።

ወረቀቱ፣ ጭቅጭቁ፣ የአጋሮ ምልልስ ተደምሮ አራት ሳምንት ወሰደ። ኮዱ አምስት። ካለፈው አመቱ ስድስት ሳምንት በሶስት ረዘመ፣ ሃጂም መሃል ላይ "እስካሁን ወረቀት ብቻ ነው እንዴ" ብለውናል፣ አልፈርድባቸውም።

ጥቅምት 30 ቀን 2017 ቅዳሜ ዋለ። ሶስታችንም ማንም ሳይጠራን ቢሮ ተገኘን፣ ሎጉን (ሰርቨሩ የሚገባውን ሁሉ የሚፅፍበትን) ከፍተን ቁጭ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ መዝገብ መግባት ጀመረ። ማታ አዴ ጋ ደወልኩ።

"አዴ ዛሬ ሲስተሙ ሰራሎት?"

"ቶሌ" አሉ።

"አዴ ቶሌ አይበቃም፣ ስንት ኪሎ ገባ?"

ሳቁብኝ፣ ከዛ ደብተር ሲገለጥ ይሰማኛል፣ "3,218፣ ከብሩ ውስጥ 19,600 የሚቆይ" አሉ፣ እኔም ስክሪኑን ወደ ልጆቹ አዞርኩት።